ግሪሳ የመረጠልኝ ደራሲ

ሰው ሚስቱን ልለውጥ ቢል ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ ሃይማኖቱን ልለውጥ ቢል ዘመድ አዝማድ ያለቅስበታል፤ የሚወደውን ደራሲ ሲለውጥ ግን ማንም ምንም አይለውም። እኔ ይህን ዝምታ ሁልጊዜ እንደ ግፍ ነው የምቆጥረው። ስንት ዘመን ትራሴ ሥር ያሳደርኩትን፣ ቃሉን እንደ ዳዊት የደገምኩለትን ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቼ «ይሄ ሰውዬ ግን ምን እያለ ነው?» ብዬ መደርደሪያው ጥግ ስወረውረው፣ ቢያንስ አንድ ጎረቤት መጥቶ «ኧረ ተው፣ አብራችሁ የበላችሁትን አስብ» ሊለኝ አይገባም ነበር? ማንም አልመጣም። እኔም ለወጥኩ፤ ደግሜ ለወጥኩ፤ አንዳንዱን ፈትቼ መልሼ ያገባሁት ጊዜም አለ።

በዚያ ላይ በተፈጥሮዬ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ሌላው ሰው ሲያነብ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እግሩን ሰብስቦ፣ ተደላድሎ ነው። እኔ ገና አንዱን ገጽ ሳልጨርስ እነሣለሁ፤ በመስኮት አያለሁ፤ በር እከፍታለሁ፤ ማንም የለም፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ይህን ስጽፍላችሁ እንኳ አሁን ተነሥቼ ነበር። ሰማዩ ንጹሕ ነው። ለምን ሰማይ ሰማይ እንደማይ ታገሡኝና ትደርሱበታላችሁ።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ልትጠይቀኝ መጥታ መጻሕፍቴን ስታገላብጥ ቆየችና «ጋሼ፣ ከደራሲ ሁሉ ማንን ይወዳሉ?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ አንድም ስም አልወጣም። ልጅቷ እርጅና መስሏት አዘነችልኝና ሻይ ላፍላልዎት አለች። ነገሩ እርጅና አይደለም። ስሙን ከመጥራቴ በፊት «በየትኛው ዘመን የነበርኩት እኔ ነኝ የምመልሰው?» የሚል ጣጣ መጥቶብኝ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሙሉ የማሽላ ማሳ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

እስቲ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ጠላት ከመግባቱ በፊት እኔ ሸዋ ሮቢት ኬላ ላይ ጸሐፊ ነበርኩ። ጎረምሳ ነኝ፤ አዲስ አበባ ተምሬ የተመለስኩ ነኝ፤ ቆላው ይሞቀኛል፤ ንዳዱ ይመላለስብኛል፤ የሚያጽናናኝ አንድ ደራሲ ብቻ ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ፤ የደራሲ ልጅ ደግሞ አባቱ የጻፈውን ባያነብም ክብሩን አያስነካም። ስለዚህ «ቀብራራው» ልበለው። ቀብራራው አንድ ዓረፍተ ነገር ከጀመረ በቀላሉ አይለቅም። ዓለምን ይዞራል፣ ከንቱነቷን ይዘረዝራል፣ ነገሥታትን ይወቅሳል፣ አበባና ጤዛ ይቆጥራል፣ እናንተ የተነሣበትን ረስታችሁ ተስፋ ስትቆርጡ እሱ በዝግታ ማሰሪያው ላይ ይደርሳል። አቤት ስወደው! በአካሄድ እንኳ እሱን ለመምሰል እጄን ወደኋላ አጣምሬ ነበር ገበያ የምዞረው።

ነገሩ በአካሄድ ቢቀር ደግ ነበር። ሰዎች አቤቱታ ሲያስጽፉኝ በሱ ቋንቋ እጽፍላቸው ጀመር። አንድ የካራቆሬ ገበሬ የጎረቤቱ ኮርማ እርሻውን ስላበላሸበት ልክሰስ ብሎ መጣ። እኔ ስለ ሰው ልጅ ስግብግብነትና ስለ ዘመን አላፊነት የሚናገር፣ ሲነበብ የሚያስለቅስ ማመልከቻ ጻፍኩለት። ዳኛው አንብበው ዓይናቸውን ጠረጉ አሉ፤ ከዚያም «ግሩም ነው፤ ሰውዬው ግን ምን ፈልጎ ነው?» ብለው ጠየቁ። ኮርማው መሃል ላይ ቀርቶ ነበር።

ሁለተኛም መጽሐፍ ነበረኝ። የዚህኛው ደራሲ ሥራው ማልቀስ ነበር፤ «አልቃሹ» እንበለው። እሱ የጻፋት ሴት ሁሉ ትሞታለች። ንዳድ ሲይዘኝና ሆዴ ሲባባ አልቃሹን አነባለሁ፤ ሲሻለኝ ወደ ቀብራራው እመለሳለሁ። ሦስተኛዋን ግን መጽሐፍ ብሎ መጥራትም ይከብዳል። ለመንገደኛ አድሉ ተብሎ ወደ ኬላው ክምር ሙሉ የተላከ ስለ ንጽሕና የሚመክር ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ላይ ማንቆርቆሪያና አንድ ጥንድ እጅ ተሥሏል። ውስጡ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ተነሥ፣ ፊትህን ታጠብ፣ ጥፍርህን ቁረጥ፣ ዝንብ አባር። መንገደኛው አልፈልግም ብሎ እኛው ዘንድ ቀረና የሮቢት ገበያ ሴቶች በርበሬ ይጠቀልሉበት ጀመር። የዚህን ደራሲ «አስታጣቢው» አልኩት። ጓደኞቼን ለማሳቅ ብቻ አልፎ አልፎ ጮክ ብዬ አነበው ነበር።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። መጀመሪያ መንገድ ሠራ፤ ከዚያ መንገዱን የሚጠብቅ ካምፕ ሠራ፤ ከዚያ ካምፑን የሚያሠጋ ሰው ፈለገ። ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በዚያን ጊዜ ሁለት ዕጣ ነበረው። ወይ የነሱ ጸሐፊ ይሆናል፤ ወይ ያርበኛ ወረቀት የሚያመላልሰው እሱ ነው ተብሎ ይታሰራል። የመጀመሪያው አስጠላኝ፤ ሁለተኛው አስፈራኝ። መጻሕፍቴን በስልቻ ቋጥሬ፣ ከስልቻው ታች ለእሳት ማያያዣ ብዬ አስታጣቢውን ወትፌ፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ከጀውሃ በታች ወዳለ መንደር ወደ ጋሽ ይማም ቤት ሄድኩ።

ጋሽ ይማም ከአባቴ ጋር ከብት ሲነግዱ የኖሩ የኢፋት እስላም ገበሬ ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ነገር ሲጠይቁ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉ ሰው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ በደረስኩበት ዕለት ሥጋ የማይነካው ድስት ለየችልኝ፤ እኔም ፍስኩን በወተት፣ ጾሙን በደረቅ የማሽላ ገንፎ አልፌ ኖርኩ። ስለ ሃይማኖት የተነጋገርነው በአስታጣቢው ምክንያት ብቻ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ቤቱ ግን ደህና አልነበረም። አንድ ልጃቸው አሕመድ ካርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል። በዚያ ሰበብ ያለፈውን ዓመት ማሽላቸውን ባንዳ አቃጥሎባቸዋል። በዚያ አገር እህል የሚቀመጠው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ የጋሽ ይማም ጉድጓድ አፉ ተከፍቶ ባዶውን ይታይ ነበር፤ እትዬ ዘሀራ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዞራ ነው ውሃ የምትቀዳው። ዘንድሮ የቀራቸው አንዲት የማሽላ ማሳ ናት። እሷ ከደረሰች ቤተሰቡም ይበላል፣ ለአሕመድም ይላካል። ካልደረሰች ግን ነገሩ ተቆርጧል፤ ጋሽ ይማም የቀሩትን ከብቶች እየነዱ ወደ በረሃው ይወርዳሉ፤ እትዬ ዘሀራ ማጀቴ ወንድሟ ቤት ትገባለች፤ ቤቱ ይዘጋል። ይህን የነገሩኝ ሳያለቅሱ ነው። እኔ ነኝ ማደሪያ ያጣሁት፤ የምሄድበትን ሳስብ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ማሽላው ዛላው ሞልቶ እሸት ሲሆን ግሪሳ መጣ። ግሪሳን የማታውቁ ካላችሁ፣ እፍኝ የማትሞላ ወፍ ናት፤ ችግሩ ብቻዋን አትመጣም። ሰማዩን ሸፍና ትመጣለች፤ ማሳው ላይ ትወድቃለች፤ ስትነሣ ዛላው ባዶ አገዳ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ በየማሳው መሃል ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ ማማ አለ፤ ከንጋት እስከ ጀንበር ጥልቀት አንድ ሰው እዚያ ላይ ሆኖ ይጮኻል። የመንደሩ ሕግ ደግሞ አለ፤ አንዱ ማማ ላይ የተጮኸውን ጩኸት ቀጥሎ ያለው ማማ መቀበል አለበት። ካልተቀበለ ወፉ ካንተ ተነሥቶ እሱ ላይ ይወርዳል፤ የማትናገረው ጎረቤትህ ይሁን፣ የተካሰስከው ይሁን፣ ጩኸቱን ትቀበለዋለህ። የዚያ አገር ሰው በግሪሳ ወቅት አይኮራረፍም።

ለኔ የደረሰኝ ማማው ነው። መጀመሪያ ወንጭፍ ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ስወነጭፍ ወፎቹ ምንም አልሆኑም፤ በሚቀጥለው ማማ ላይ ያለው የጎረቤታችን የእንድሪስ የውሃ ቅል ግን ተሰበረ። ወንጭፉን ተቀበሉኝና «አንተ በአፍህ ብቻ ጠብቅ» ተባልኩ። ሃይ! ሃይ! እል ጀመር። ሰው ማማ ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ «ሃይ» ሲል ከዋለ ውሎ አድሮ ራሱን ይጠረጥራል። እጄ ይበላኛል፤ እግሬ አልቆም ይላል፤ ጥንቅሽ እቆረጥማለሁ፤ ዙሪያዬን እዞራለሁ፤ ማማው ደግሞ የሚዞሩበት አይደለም፤ ሁለት እርምጃ ነው። በመጨረሻ «ጩኸት ከሆነ ለምን ቁም ነገር አልጮኽም?» አልኩና ቀብራራውን ከስልቻ አወጣሁ።

ድምፄን አስተካክዬ ጀመርኩ። «ይህች ዓለም ምንም እንኳ ለሚያያት ዓይን ያማረች፣ ለሚሰማት ጆሮ የጣመች፣ ለሚመኛት ልብ ቅርብ የሆነች ብትመስልም፣ ወደ እርሷ በተጠጋን መጠን እየራቀች፣ በያዝናትም መጠን እየሟሟች...» እያልኩ ስሄድ ድምፄ ሳላውቀው ለሰሰ፤ ዓይኔን ከደንኩ። ስከፍተው ማሳው ዳር ያለው ዛላ ሁሉ በወፍ ጎብጧል። ጋሽ ይማም ከታች እየሮጡ መጡ።

«ምነው፣ ዝም አልክሳ!» አሉኝ።

«ዝም አላልኩም ጋሼ፣ እያነበብኩ ነው።»

«ምን ይላል ሰውዬው?»

«ገና አልደረሰበትም።»

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ወደ ማሳው፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩና «ማሽላው ሳያልቅ ይደርስበት ይሆን?» አሉኝ። ያን ዕለት ቀብራራውን ስልቻ ውስጥ መልሼ ከተትኩት፤ ከፍቶኝም ነበር።

በማግስቱ አልቃሹን ሞከርኩ። እሱ ይሻላል ብዬ ነበር፤ ሴትየዋ ስትሞት እናት የምትጮኽበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ስደርስ ግን የኔው እንባ መጣብኝና ድምፄ ተቆራረጠ። እንድሪስ ከማማው ላይ ይህን ሲሰማ ወርዶ ማሽላውን እየጣሰ ሮጦ መጣ።

«ማን ሞተ? ወላሂ ንገረኝ፣ ማን ሞተ?» አለ እያለከለከ።

«አንዲት ልጅ ናት» አልኩት ዓይኔን እየጠረግሁ።

«የማን ልጅ?»

ነገሩን አስረዳሁት። መጽሐፍ መሆኑን፣ ልጅቷም በዓለም ላይ ያልነበረች፣ ሰውዬው ከልቡ አፍልቆ የፈጠራት መሆኗን። እንድሪስ አዳመጠኝ፤ ከዚያ ዞር ብሎ የራሱን ማሳ አየ፤ ወፉ ሰፍሮበታል። «ያልተወለደች ልጅ ሞታ ነው ማሽላዬን ያስበላኸኝ?» አለ። በሕይወቴ ስለ ልብ ወለድ ከሰማሁት ትችት ሁሉ እስከ ዛሬ መልስ ያጣሁለት ይኸኛው ነው።

የቀረኝ አስታጣቢው ነበር። አፍሬ፣ ማንም እንዳያየኝ ጀርባዬን ለእንድሪስ ሰጥቼ ገለጥኩት። «ተነሥ!» አልኩ ሳነብ። ወፉ ብድግ አለ። «ፊትህን ታጠብ!» ዞረ። «ጥፍርህን ቁረጥ! ዝንብ አባር!» ያን ሁሉ ክንፍ ሰብስቦ ወደ እንድሪስ ማሳ ሄደ። እንድሪስ ሕጉ ነውና ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተቀበለው፤ «ተነሥ! ፊትህን ታጠብ!» አለ በዚያ በሚያስገመግም ድምፁ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ተቀበለ። ትእዛዙ ከማማ ማማ እየተሻገረ ሜዳውን አቋርጦ ወንዙ ማዶ ሲደርስ ሰማሁት። አዲስ አበባ የተቀመጡ ሰዎች በክምር አሳትመው ማንም ያላነበበላቸው መጽሐፍ በግማሽ ቀን አገር ምድሩ በቃሉ ያዘው።

ጋሽ ይማም ያን ማታ እራት ላይ ጠየቁኝ። «እጅህን ታጠብ፣ አፍህን ተጉመጥመጥ፣ ፊትህን፣ እግርህን ታጠብ ነው አይደል የሚለው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ውዱእ፣ የሶላታችን ትጥበት አይደል እንዴ! ይሄ ሰውዬ እስላም ነው።»

«ኧረ አይደለም፣ ከአጻጻፉ የደብር ልጅ ነው፤ አውቃለሁ።»

«አንተ አታውቅም» አሉኝ በርኅራኄ። «ቃሉ ወፍ ያስነሣል። ወልይ፣ የአላህ ወዳጅ፣ ካልሆነ እንዲህ አይሆንለትም። ቀብሩ የት ነው?» ሰውዬው አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጦ ይሆናል ብላቸው ሳቁብኝ። በሳምንቱ አንዲት ሴት ከካራቆሬ ወዲህ ካለ መንደር መጥታ ያንን ቃል በክታብ ጻፍልኝ፣ ማሳዬ ላይ ልስቀለው አለችኝ። እንቢ ብላት ክፉ ሰው ልባል ነው። «ጥፍርህን ቁረጥ» ብዬ ጻፍኩላት፤ በቆዳ አሰፍታ ሰቀለችው። እትዬ ዘሀራ ብቻ ነበረች የምትጠራጠረው፤ «ታዲያ አንተ ለምን እንዲህ ያለውን ትተህ ያንን እንቅልፋሙን ታቅፈህ ትተኛለህ?» ትለኝ ነበር።

እውነቷን ነው። ቀን ቀን አስታጣቢውን እጮኻለሁ፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወፉ ሲገባ ቀብራራውን አውጥቼ ለራሴ ብቻ አነበዋለሁ። ቀናሁለት። እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጦ አገር እንዴት በጥፍር ቆራጭ ይመራል? ብዬ እበሳጭ ነበር።

አጨዳው ሊጀመር ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ሳለ፣ አንድ ጣሊያን መኮንን አስካሪ ከሚባሉት የቅኝ ወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ጋር ከመንገዱ ወርዶ መጣ። ለካ «ተነሥ!» የሚለው ጩኸት ካምፕ ድረስ ይሰማ ኖሯል። ለወፍ ነው ብሎ ማን ያምናል? ውረድ አሉኝ፤ ወረድኩ። ስልቻውን ፈቱት። ጋሽ ይማም ከቤት ሲመጡ አስካሪው ማሳው ዳር አስቆማቸው። መጽሐፍ ይዞ «ተነሥ» የሚል ሰው፣ ልጁ ጫካ በገባ ሰው ማሳ ላይ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ መማር አያስፈልግም ነበር።

አስተርጓሚው በኔ ዕድሜ ያለ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ ነው። የአስታጣቢውን ሽፋን አይቶ ሳቀ። አልቃሹን ገልጦ ዘጋው። ቀብራራውን ሲያነሣ ግን ፊቱ ተለወጠ። ገና ሳይገልጠው በቃሉ ጀመረ፤ «ይህች ዓለም ምንም እንኳ ለሚያያት ዓይን ያማረች...»

«አንተም ትወደዋለህ?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ስንት ጊዜ ስለ መጽሐፍ የሚያጫውተው ሰው አጥቶ እንደነበር ታወቀኝ። «ካምፕ ውስጥ ማንም አያውቀውም እኮ! እኔ የነበረኝ ደብረ ሲና ቀረብኝ።» መኮንኑ ምንድነው አለ መሰለኝ፤ በጣሊያንኛ አንድ ነገር መለሰለትና ማንበቡን ቀጠለ። ቆንጆ አድርጎ ያነባል፤ ከኔ ይበልጣል። መኮንኑ ባርኔጣውን አውልቆ ላቡን እየጠረገ አዳመጠ። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሰው አቅፌው ነበር።

ማማው ላይ ግን ማንም የለም። ከአስተርጓሚው ትከሻ በላይ ሰማዩ ሲጠቁር አየሁ። ወፉ አንዴ ዞረ፤ ሁለተኛ ዞረ፤ ጩኸት የለም፤ ወረደ። የዛላው መሰባበር ይሰማል። ጋሽ ይማም እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ከንፈራቸው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል። አስካሪው ጠመንጃውን ደረቴ ላይ አድርጓል። አስተርጓሚው አሁንም ዓለምን እየዞረ ነው፤ ነገሥታት ላይ ደርሷል፤ አበባው አልመጣም፣ ጤዛው አልመጣም። በነፍሴ የምወደው ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ እያንዳንዷ ቃል አንድ አንድ ዛላ ስትበላ ይታየኝ ነበር። ቶሎ በል እንጂ! ጨርስ እንጂ! ጠላሁት፤ እግዜር ይይልኝ፣ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

አስተርጓሚው ቀና ብሎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ወንድሜ፣ ከዚህ የሚበልጥ በአማርኛ ተጽፎ ያውቃል?» አለኝ።

«ተነሥ!» አልኩ ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ። «ፊትህን ታጠብ!»

አስካሪው ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ እንድሪስ ተቀበለ። ሕጉ ነው፤ ምን እንደተፈጠረ አያውቅም፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ እኛን አያየንም፤ ተቀበለ። የሚቀጥለው ማማ ተቀበለ። ከቀኝ «ተነሥ!»፣ ከግራ «ተነሥ!»፣ ከወንዙ ማዶ «ተነሥ!»፤ የሚጮኸው ሰው ግን አንድም አይታይም። ወፉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ምድሪቱ ራሷ የተነሣች መሰለች። አስካሪዎቹ መሬት ላይ ተኙ። መኮንኑ ሽጉጡን አውጥቶ ወደ የትኛው ማሽላ እንደሚያነጣጥር ጠፋው፤ ፊቱ አመድ ሆኖ አስተርጓሚውን ጠየቀው።

አስተርጓሚው የማሽላውን ዙሪያ አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ አስታጣቢውን ከመሬት አንሥቶ፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ እያሳየ፣ በእጁ የመታጠብ ምልክት እያደረገ አስረዳው። መኮንኑ ያመነ አይመስለኝም። ከዚያ ማሽላ መሃል ቶሎ መውጣት ግን ፈልጓል። እየተጎነበሱ ወደ መንገዱ ተመለሱ። አስተርጓሚው ቀብራራውን ብብቱ ውስጥ እንደሸጎጠ ዞር ብሎ «ይሄን እኔ...» ሲል ሳይጨርስ «ውሰደው!» አልኩትና ወደ ማማው ሮጥኩ። የፍቅሬን መጽሐፍ ሰው ይዞት ሲሄድ ዞሬ አላየሁትም፤ ማሳው ዳር ምን ያህል እንደተበላ ነበር የማየው። ጥቂት ነው የተበላው። ጋሽ ይማም መሬቱ ላይ ተደፍተው ሰገዱ፤ እኔ ማማው ላይ ሆኜ እየሳቅሁ አለቀስኩ።

ማሽላው ገባ። ጉድጓዱ ሞልቶ አፉ ሲመረግ ጋሽ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ ለአሕመድ፣ ለእኔ፣ ለአስታጣቢውም ጭምር፤ እሱ ዘንድ ሲደርሱ እንደ ሟች የአላህን ረሕመት፣ ምሕረቱን፣ ለመኑለት። እትዬ ዘሀራ ከዚያ ወዲያ በጉድጓዱ በኩል አቋርጣ ውሃ ትቀዳ ጀመር።

ጠላት ከወጣ በኋላ፣ ያልታገለ ሰው የጠፋበት ዘመን መጣ። እኔ አዲስ አበባ ሥራ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ገባሁ፤ ከትልቁ ጠረጴዛ ጀርባ ያለው ሹም ጫማው ያብረቀርቃል። ወዲያው አወቀኝ። እኔም አወቅሁት። ስለ ጀውሃ አንዳችንም አላነሣንም፤ ስለ አየሩ ተነጋገርን። ልወጣ ስል መሳቢያውን ስቦ ቀብራራውን አወጣና ዘረጋልኝ።

«ውሰደው» አለኝ፤ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርሼው አላውቅም። መሃሉ ላይ ስደርስ ከየአቅጣጫው ተነሥ ይለኛል።»

ተቀብዬው ወጣሁ። ሥራውን አላገኘሁም።

ከዚያ ወዲህ እንደ ነገርኳችሁ ብዙ ደራሲ ለውጫለሁ። ለተወሰኑ ዓመታት አጭር አጭር የሚጽፉትን ብቻ አነበብኩ፤ ኋላ እነሱም ትእዛዝ ትእዛዝ አሉኝና ተውኳቸው። እናቴ ስትሞት አልቃሹን መልሼ አነሣሁት፤ ያን ጊዜ የልጅቷ ሞት ገባኝ፤ ደግሞም የማንም ማሽላ አልተበላም። አስታጣቢው ማን እንደነበር ጠይቄ ጠይቄ አጣሁት። ጋሽ ይማም እስኪሞቱ ድረስ ሰው በላክሁላቸው ቁጥር የሚመልሱልኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ያ ደጉ ሰው ሌላ ጻፈ ወይ?»

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ሻዩ ቀዝቅዟል። ተነሥታ ከመደርደሪያው ላይ ቀብራራውን አወጣች፤ ማዕዘኑ የተበላ፣ ስልቻ ስልቻ የሚሸት። ከመጀመሪያው ጀመረችው። ለስላሳ ድምፅ አላት፤ አትቸኩልም። ዓለም ለሚያያት ዓይን ያማረች ሆነች፤ ለሚሰማት ጆሮ ጣመች፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደረቴ ውስጥ አንድ የድሮ ነገር ሲላወስ ተሰማኝ። እግሬ ግን ይቁነጠነጣል፤ ዓይኔ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ልጅቷ አየችኝና አቋረጠች።

«ሰለቸዎት ጋሼ? ልተወው?»

«አትተዪው» አልኳት። «ይርዘም፣ ምን ቸገረን? ዛሬ የምንጠብቀው ማሽላ የለን።»

እሷ ማንበቧን ቀጠለች። እኔ ለማንኛውም ብዬ ተነሣሁና መስኮቱን ከፈትኩት።